ተጠባባቂ ወንበር ላይ የቀሩት ሁለቱ

ከአየር ጤና በሰልሳቢል እጅ፣ ለወንድምዓለም ለዱባለ ይድረስ።

እንዴት ነህልኝ ወንድምዓለም? እንዴት ሰነበትክ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶን ባነሳህ ቁጥር ይይዝሃል? ባለቤትህ ዓለም እንዴት ናት? ክሊኒክ እሄዳለሁ ብላኝ ነበር፣ ሄደች? ማኑሄስ አደገ? የፊት ጥርሶቹ ወልቀው የተነሳውን ፎቶ ያየች ዕለት እማዬ «ቁርጥ አባቱን!» ብላ ስልኬን ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ዋለች፤ ባትሪው ሲያልቅ ነው የመለሰችልኝ። ሱቁስ እንዴት ነው? አካባቢው ተረጋጋ? እናንተ አገር ረብሻ ተነሳ በተባለ ቁጥር አባዬ ራዲዮኑን ይዘጋዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ይከፍተዋል። ደህና መሆንህን በእጅህ ጽፈህ ብትልክለት ደስ ይለዋል። የስልክ ድምፅ አያምንም፣ ታውቀዋለህ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባዬ ብርድ ሲነካው ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላ የሚባል ነገር የለበትም፤ አሁንም በጠዋት ተነስቶ የጨርቅ ሱቁን ይከፍታል። እማዬ እንደ ድሮዋ ናት፤ እሷ ካልነካችው ሥራ የተሠራ አይመስላትም። እኔም እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ነኝ፣ አየር ጤና ከጋራዦቹ አጠገብ። የሰው መታወቂያና ዲግሪ ስገለብጥ ይመሽልኛል። አገባሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ አንተ ሳትመጣ አላገባም ስላልኩ ጥፋቱ ያንተ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ደውዬ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ አንድ ስም ካነሳሁ «ኔትወርኩ አስቸገረ» ትልና ትጠፋለህ። እኔ ሞኝ አይደለሁም ዱባለ፤ ኔትወርክ ስም እየመረጠ አይቆረጥም። ወረቀት ግን አይዘጋም። አጣጥፈህ ኪስህ ብትከተውም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ስሙንም ደጋግሜ ስለምጠራው ከወዲሁ ተዘጋጅ። የምጽፍልህ ስለ ጓደኛህ ስለ ፍቅረማርያም ነው፤ ስለ ጌም ቤታችንና ስለዚያ ሚሞሪ ካርድ።

ቤታችን እንደሚፈርስ ነግሬሃለሁ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ለቀን ኮንዶሚኒየም እንገባለን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ የአባዬን ጉልበት አስበው እንግዲህ። እማዬ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዕቃ ማውጣት ያዘች። ያን ሰሞን ስትደውልላት የጌም ቤቱን ካርቶን ምን ላድርገው ብላ ጠየቀችህ፤ አንተም «ጣይው፣ ምን ያደርጋል» አልካት። ውስጡ ምን እንዳለ እያወቅክ ነው ይህን ያልከው። እማዬ ደግሞ ጣይ ስለተባለች ብቻ ዕቃ የምትጥል ሴት አይደለችም። ልዋጭ ጠራች።

ማታ ከሥራ ስገባ ደጃፉ ላይ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቶ አየሁ፤ ትልቅ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት። ከየት መጣ ብላት ፊቷ በራ። ከልዋጩ ጋር ስትከራከር ረፋዱን እንደጨረሰች፣ ፕሌይስቴሽኑን ከነገመዱ ከነጆይስቲኩ ሰጥታ ሳፋውንና ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ እንደተቀበለች በኩራት አወራችኝ። ሰውዬው መጀመሪያ ኩባያዎቹን አልጨምርም ብሎ ነበር አሉ፤ እሷ ያንን ሽቦው የተበጠሰ ጆይስቲክ አክላ አሸነፈችው። ካርዱስ፣ ያ ቀይ ጥፍር ቀለም ያለበት፣ አልኳት። «ተሰክቶ ነበር መሰለኝ፣ አብሮ ሄዷል» አለችኝ። ጮህኩባት፣ እሷም ጮኸችብኝ። ወንድምሽ ጣይው ያለኝን እኔ በሳፋ ለወጥኩት፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ አለች። እውነቷን ነው። ያጠፋኸው አንተ ነህ።

ካርዱ ለምን እንዳንገበገበኝ ታውቃለህ። ግን ረስቼዋለሁ ብለህ ራስህን እንዳታታልል በኔ አፍ ልንገርህ። በውጪው ክፍል ጌም ቤቱን ስትከፍት ኢትዮጵያ የኳሱ ጌም ውስጥ አልነበረችም። ልጁ ሁሉ ብራዚል እኔ ነኝ፣ ጣልያን እኔ ነኝ እያለ ሲጣላ፣ ፍቅረማርያም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም የማይመርጠውን ቡድን ፈልጎ አወጣ፤ ደቡብ አፍሪካን። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አፍርሶ የሰፈሩን ልጆች ተካባቸው። የቡድኑንም ስም በእንግሊዝኛ ፊደል «አየር ጤና» አለው። ማንም አይጣላባትም ብሎ የመረጣት አገር ኋላ ሁለታችሁንም እንደምትጠራ ማን አሰበ።

እንዴት ይሠራ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ልጁን በሩ ላይ ያቆመዋል፤ ቁመቱን በመቃኑ ይለካል፤ ዙር ይለዋል፤ እስከ አባዬ ሱቅ ሮጠህ ተመለስ ይለዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቁመቱን፣ ፀጉሩን፣ አሯሯጡን ይሞላል። ጓደኛችሁን ያደሳን ትከሻውን ሰብቆ እንዲሮጥ አደረገው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚሄደው። አንተን ግንባርህን አሰፋብህና አኩርፈህ ዋልክ። ራሱን ሲሠራ ካልሲውን ወደ ታች አወረደ፣ ማሊያውን ከቁምጣው አውጥቶ ለቀቀው፤ ልክ ሜዳ ላይ እንደሚሆነው። እኔን «ሴት አትገባም» ብላችሁ ስታባርሩኝ ደግሞ እሱ ነው፣ በረኛ መቼም ይጎድላል ብሎ ሦስተኛ ተጠባባቂ በረኛ አድርጎ ያስገባኝ። እኔም በደስታ ከጎረቤት ጥፍር ቀለም ለምኜ የካርዱን ጀርባ ቀባሁት፣ ከሌላ ካርድ ጋር እንዳይቀያየር ብዬ።

ሕጉንም አትረሳውም። ተሸናፊ ይነሳል የሚለው የሁሉም ጌም ቤት ሕግ ነው። የኛ ብቻ የነበረው ሌላኛው ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት ተጫዋቹ አይነካም። ዩኒቨርሲቲም ይሁን ክፍለ ሀገር፣ ራቅ ብሎ የሚሄድ ልጅ ሰው ሁሉ ፊት ተጫዋቹን ለአንድ ጓደኛው ያስረክባል። ከዚያ በኋላ የተረከበው ብቻ ነው ሜዳ የሚያስገባው፤ ሌላ ሰው ቢያስገባው ጠብ ነበር። እናንተ ወደ ሞያሌ በወጣችሁ ዋዜማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ፍቅረማርያም ላንተ አስረከበ፤ አንተም ለሱ አስረከብክ። አብራችሁ እየሄዳችሁ ለሌላ ሰው አትሰጡም ወይ ብለው ልጆቹ ሳቁባችሁ፤ እናንተም ሳቃችሁ። ሁለታችሁንም ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጣችሁና ሴቭ አደረጋችሁ። ያደሳ ቤቱን ተረክቦ ትንሽ አሠራው። በኋላ የፍቅረማርያም መርዶ መጣ፤ ታንዛንያ ላይ በወባ መቅረቱን ሰማን። ከዚያ ወዲያ ያንን ቡድን የሚከፍት ጠፋ፣ አባዬም ክፍሉን ዘጋው።

እኔን ታውቀኛለህ፣ አንዴ ሙጭጭ ካልኩ አልላቀቅም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሳፋውን በብብቴ ይዤ ወጣሁ፤ ኩባያዎቹን እማዬ አልሰጥም ብላ ደብቃቸዋለች። ስጠይቅ ስጠይቅ ልዋጩን ቀራንዮ አገኘሁት፤ ፕላስቲኩን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ ሰፈራችን ሲዞር በምሰማው ድምፁ ለየሁት። ሳፋውን ገና ከሩቅ ሲያይ ተቀደደ ብዬ የመጣሁ መስሎት ነበር፤ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ደህና ነው እኮ አለኝ። ዕቃዬን መልስልኝ ስለው፣ ልዋጭ እንደማይመለስ፣ ይህን ሁሉም ሰው እንደሚያውቅ በትዕግሥት አስረዳኝ። የሞተ ልጅ ነገር ውስጡ እንዳለ ስነግረው ግን ሸክሙን መሬት አወረደ። ዕቃው እሱ ጋ አድሮ አያውቅም፣ ያገኘውን ሁሉ በዚያው ቀን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሰብሪያ ለምትባል ሴት ነው የሚያስረክበው። ከየት በኩል እንደምትገኝ ምልክቱን ነገረኝ፤ ነፍሱን ይማር ብሎኝም ሄደ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሳፋውን እንደ አንድ ተሳፋሪ ቆጥሮ ተጨቃጨቀኝ፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬው፣ ፊቴ ሳይታይ መርካቶ ገባሁ። ምናለሽ ተራን አንተ ከኔ በላይ ታውቃታለህ፤ ለጌም ቤቱ ዕቃ የምትገዛው ከዚያው አልነበር? አሁንም ያው ናት። እዚህ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ እዚያ የቴሌቪዥን ሆድ ተዘርግፏል፤ ሰዉ ቡሎን ከቡሎን ሲለይ ይውላል። ሰብሪያ ከሪሞትና ከቻርጀር ክምር ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። ፕሌይስቴሽን ስላት በእጇ ወደ አንድ ጥግ አሳየችኝ። ተበልቷል። ሽፋኑ ለብቻ፣ ሽቦው ተልጦ ለብቻ። ትንንሹስ ነገር፣ የሚሰካው ካርድ፣ ብዬ ስጠይቃት አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አነሳችና ከረጢት ላይ ገለበጠችው። ከተሰበረ ኢርፎንና ከደከመ ባትሪ መካከል ቀዩ ቀለም ታየኝ፤ ደብዝዟል፣ ግን የኔ ነው።

እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ነው ነገር ያበላሸሁት፤ ሰብሪያ ፊቴን አይታ ዋጋ ጠራች፣ ብነግርህ ትስቃለህ። አይሠራም እኮ፣ የበሰበሰ ነው፣ ለመታሰቢያ ብዬ ነው ብላት፣ «የማይሠራ ከሆነ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ግን እዚያው ቆምኩ፤ ደንበኛ ይመጣል ይሄዳል፣ እኔ አልንቀሳቀስም። በመጨረሻ ሰለቸኋትና ስለ ሳፋው ጠየቀችኝ። ዕቃ የምታጥብበት ሳፋ ተሰንጥቆ በጨርቅ ወትፋዋለች። ሳፋውን ተቀብላ ውሃ ጨመረችበት፣ እንደማያፈስ አየች፣ ካርዱን እጄ ላይ ጣል አደረገችልኝ። በሳፋ የሄደው በሳፋ ተመለሰልህ። ስወጣ ጠርታኝ ማን ነው የሞተው አለችኝ፤ ወንድሜ ነው አልኳት። ውሸት አልመሰለኝም።

እማዬ በሩ ላይ ጠብቃኝ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሳፋዬስ?» ነበር። ካርዱን ሳሳያት ይህችን ለምታክል ነገር ነው ወይ አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ባጠበች ቁጥር ያንተንና የኔን ስም አንድ ላይ ታነሳለች።

ካርዱን ይዤ ያደሳ ጋ ሮጥኩ። አሁን ከፌርማታው ማዶ ስልክ ይጠግናል፤ አግብቷል፣ ወፍሯል፣ ፀጉሩም ሸሽቷል። የራሱን አሮጌ ፕሌይስቴሽን ከነኳሱ ሲዲ አስቀምጦት ነበር። ካርዱን ስንሰካው ማሽኑ ካርድ የለም አለን። በላጲስ አሸው፣ በአልኮል ጠረገው፣ አሁንም የለም አለ። ያደሳ ዕቃውን እርጥበት እንደበላውና ተስፋ ባላደርግ እንደሚሻለኝ ነገረኝ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እንደገና እሸው አልኩት፤ አሸ። ፍታው አልኩት፤ እየተነጫነጨ ፈታው። ለካ ከውስጥ አንዷ መዳብ ጎብጣ ኖሯል፤ በመርፌ ጫፍ አቃንቶ ገጠመው። አንቺ ልጅ ድሮም አትለቂም እያለ ሰካው። ሲዲው ሲንቋቋ ቆይቶ ቡድኑ መጣ።

ዱባለ፣ ሁላችሁም አላችሁ! ያደሳ ራሱን ሲያይ ይሄ ሁሉ ፀጉር የኔ ነበር ወይ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወረደ። አንተና ፍቅረማርያም ተከታትላችሁ አላችሁ፣ እንደተዋችሁት። ከናንተ ዝቅ ብዬ እኔ አለሁ፤ ፀጉሬን አጭር አድርጎኛል። ያደሳ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አነሳ። ደንበኛ ስልኩን ሊወስድ መጥቶ ቢጠራው ቢጠራው ሳይሰማው ቆየ። እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የማፍርበት ነገር የለም፣ ያንተንም እንባ ብሰማ አላፍርብህም።

ከዚያ ወዲያ አልተዘናጋሁም። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ወረቀት የምገለብጥ ሴት ይህንን በአንድ ቅጂ ትቼ ልተኛ? እዚያው ቆሜ ወደ ሌሎች ካርዶች አስገለበጥኩት፤ ያደሳ ኮምፒውተሩም ላይ አስቀርቶታል። ዋናው እኔ ጋ ነው። አንዱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደናንተ በምትመጣው በሰልሳቢል እጅ መጥቶልሃል። እማዬ በምትልክልህ በሶ ውስጥ ቅበሪው ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ በፌስታል ጠቅልዬ ለብቻው ያደረግኩት፤ ስለዚህ በሶውን ስትከፍት ካርድ አትፈልግ። ከተጫዋቾቹ መካከል ሁለቱን ግን እኔም ያደሳም ማን እንደሆኑ አላወቅናቸውም፤ በቅጽል ስማቸው ነው የተጻፉት። አንዱ ግራኝ ነው፣ ሌላው በጣም አጭር። ስማቸውን ንገረኝ፤ ያለ ስም እንዲቀሩ አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወሬ ሰፈር ውስጥ አይደበቅም፤ የፍቅረማርያም እናት እማማ ዘመነች ያደሳ ሱቅ ሳለን መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ «ይሮጣል ወይ?» ብቻ ነው ያሉት። አንድ ፎቶ አላቸው፣ ለቅሶ ላይ የነበረው፣ ታውቀዋለህ። ለመታወቂያ የተነሳው ስለሆነ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሟል። ልጄ ደግሞ መቼ ቆሞ ያውቅና አሉ። ይሮጣል እማማ፣ ካልሲው እንኳ ወርዷል፣ አልኳቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አንጀቴን በሉት።

ያደሳ ወንበር ሰጣቸውና ጆይስቲኩን አነሳ። ሕጉን አልረሳውም፣ ለሳቸው ሲል ሊጥሰው ነበር፤ እኔም አላስቆምኩትም። ግን ሲያመነታ አይተው ምን ሆንክ ልጄ አሉት። ነገራቸው፤ ተጫዋቹን የተረከበው ብቻ እንደሚያስገባው፣ ልጃቸውም ሲሄድ ላንተ እንዳስረከበህ። እማማ ዘመነች ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳቡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስማችሁ አንዱ ከሌላው ሥር እንደተጻፈ ነው። ማንበብ ስለማይችሉ የቱ የሱ፣ የቱ ያንተ እንደሆነ በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ አንድም አልጨመርኩበትም።

«እንግዲያው ተወው ልጄ፣ አትንካው። ዱባለን አደራ በላ ብዬው አላውቅም፤ እሱ ግን ራሱን እንደዚያ እያለ የሚኖር ይመስለኛል። ልጄን የተረከበው እሱ ነው፣ አደራውም አሁንም እሱ እጅ ላይ ነው። ያስገባው እንደሆነ እሱ ያስገባው።»

ሳያዩት ሄዱ፣ ዱባለ። ሊያዩት መጥተው፣ አንድ ነገር መጫን ብቻ ሲቀር፣ ያንተን ፈቃድ ብለው ሳያዩት ተነስተው ሄዱ።

እኔ አንተን ለመውቀስ አልጻፍኩም። መርዶውን ለሽማግሌዎቹ የነገርካቸው አንተ ነህ፤ በየበዓሉ በእማዬ በኩል የምትልክላቸው ገንዘብም ከማን እንደሆነ እማማ ዘመነች ያውቃሉ። ድምፅህን ግን እስከ ዛሬ አልሰሙም። አንተ አብረኸው ነበርክ። በእጅህ ነው የቀበርከው። የት እንደተኛ፣ ምን እንዳለ፣ ውሃ ጠምቶት እንደነበርና እንዳልነበር የሚያውቅ በዚህ ምድር ካንተ ሌላ ሰው የለም። እሳቸውም ይህን ሁሉ ሊጠይቁህ ፈልገው ልጁ ይከብደዋል ብለው ነው ዝም ያሉት። ሁለታችሁ አንዳችሁ ሌላውን እንዳይከብደው እያላችሁ ስትጠባበቁ ዕድሜ አለቀ። በቃ አሁን።

ያሰብኩትን ልንገርህ። በሁዳዴ ቅበላ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የውጪውን ክፍል እከፍታለሁ። አባዬ ቁልፉን ሰጥቶኛል፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም ራሱ ከጓሮ አውጥቶ ምስማር መትቶባቸዋል። ካርዱ ላይ ካሉት ልጆች ያገኘናቸውን ሁሉ ጠርተናል፤ ከአስኮም የሚመጣ አለ፣ ልጆቹን ይዞ የሚመጣም አለ። ቤቱ ሳይፈርስ አንድ ጊዜ «አየር ጤና» ሜዳ ይገባል። እማማ ዘመነች ከፊት ይቀመጣሉ፤ እመጣለሁ ብለዋል። እኔ ስልኬን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመዋለሁ። አንተ በቪዲዮ ትደውላለህ። መጀመሪያ እማማን ሰላም ትላቸዋለህ፤ ቀጥሎ ለያደሳ «አስገባው» ትለዋለህ። ሌላ ንግግር አላዘዝኩህም። ብታለቅስም ማንም አይስቅብህም፣ የሚስቅ ካለ እኔ አወጣዋለሁ። ያንተንም ተጫዋች ነገር አስቤበታለሁ። የተረከበህ እሱ ዛሬ የለም፤ አንተ ግን ባለቤቱ ነህና ራስህን ራስህ ታስገባለህ። አብራችሁ ትሮጣላችሁ።

ካልደወልክ ደግሞ ማንም አይነካችሁም፤ ይህንን በሁሉም ፊት ቃል ገብቻለሁ። ጨዋታው በሌሎቹ ይሆናል፣ እናንተ ወንበራችሁ ላይ ትቆያላችሁ፣ እማማ ዘመነችም ያንን ወንበር እያዩ ይውላሉ። ኔትወርኩ አስቸገረ እንዳትለኝ። ሰልሳቢል የምትደርሰው ቀደም ብላ ነው፤ ቀኑ አልፎ ነው ያነበብኩት ማለትም አይቻልም። እኔ እንደሆንኩ አልተውህም። ቤቱ ቢፈርስ ካርዱን ይዤ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤ እዚያም እጠብቅሃለሁ፣ እዚያም እጽፍልሃለሁ።

ለዓለም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ሳትነግራት የኖርከው ነገር ካለ ዛሬ ትስማው። ማኑሄን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ ካርዱን ስታሳየው አባቱ ግንባሩ ሰፊው እንደሆነ ንገረው። ሱቅ አብረውህ ለሚሠሩት ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ በእጅህ ጻፍልኝ ብሏል። እማዬ በሶውን በማር እንድትበጠብጠው፣ በሩንም ደህና አድርገህ እንድትቆልፍ አደራ ብላለች፤ ሳፋውንም አልረሳችም። ያደሳ ሰላም ብሎሃል፣ ጆይስቲኩን ቻርጅ አድርጌ እጠብቃለሁ በይው አለኝ፤ ባለገመድ መሆኑን ያውቃል፣ አንተን ለማሳቅ ነው።

እማማ ዘመነችን ሰላምታ ልጻፍልዎት ወይ ብያቸው ነበር። አትጻፊ አሉኝ። እሁድ በራሳቸው አፍ ይሰጡሃል።

እህትህ ውዳሴ

አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.